ከሰሌዳ ያልወረደች ቆርቆሮ

ከሻንቶ፣ ከቤሌ፣ ከዚሁ ከሶዶ ከተማና ከየገጠር ቀበሌው ይህን ሐዘን የራሳችሁ አድርጋችሁ የመጣችሁ ወገኖች፣ የዕድራችን አባላት፣ መዘምራን፣ የሥራ ባልደረቦች፤ የአቶ ደገፉ ሳና ዜና ሕይወት ሊነበብ ሲል ዓይናችሁ ሳጥኑን እየፈለገ መሆኑን ቤተሰቡ ያውቃል። ሳጥን የለም። በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው ጠረጴዛ ላይ ፎቶግራፋቸውና የሥራ ቆባቸው ብቻ ነው ያሉት፤ ቆቡም ቤት ውስጥ የነበረው አሮጌው ነው፤ ደህናውን አድርገውት እንደገቡ ነው። እሳቸው በዚህች ሰዓትም ከቤሌ ማዶ ባለው ተራራ ውስጥ፣ ከወደቀባቸው አለት ሥር ናቸው። እናውጣቸው ወይስ እንተዋቸው የሚለው ጥያቄ ይህን ቤት ለሁለት ከፍሎት ሰንብቶ፣ ትናንት በባለቤታቸው በወ/ሮ ሽታዬ አድነው ቃል ተቋጭቷል። ታዲያ በየታክሲውና በየባጃጁ የሚወራው ብዙ ስለሆነ፣ ነገሩ ከሥሩ ጀምሮ እንደሆነው ሆኖ ይነገር ዘንድ ወ/ሮ ሽታዬ ራሳቸው ፈቅደዋል።

አቶ ደገፉ ከአባታቸው ከአቶ ሳና ጩራቆና ከእናታቸው ከወ/ሮ ቦሼ ባልቻ በ1968 ዓ.ም በሻንቶ አቅራቢያ ተወለዱ። አባታቸው እንሰትና በእኛ አጠራር ቦይና የሚባለውን ጎደሬ ከማልማታቸው ባሻገር በአካባቢው ተፈልገው የሚጠሩ የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበሩ። የጉድጓድ ሥራ፣ ላላየው ሰው ለማስረዳት ያህል፣ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ አንዱ ከታች ሲቆፍር ሌላው ከላይ አፉ ላይ ተቀምጦ ገመዱን ይይዛል፣ አፈሩን ይስባል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከታች ያለው ሰው ደህና መሆኑን ይጠብቃል፤ ምክንያቱም ከታች ያለው ሰው አየሩ ሲከዳው ለራሱም ሳይታወቀው እንቅልፍ እንደያዘው ሆኖ ይቀራል። የአቶ ሳና ገመድ ያዥ ባለቤታቸው ወ/ሮ ቦሼ ነበሩ፤ እሳቸውም ገመዱን በያዙ ሰዓት አፋቸው እንደማያርፍ እስከ ዛሬ በሻንቶ ይነገራል።

«ሳና! ሰማህ ወይ? ያቺ ቀይ ላም ዛሬም ከሰው ማሳ ገብታ ተያዘች እኮ!» ይላሉ ከላይ። «አንቺ ሴትዮ፣ ትንሽ ዝም ብትዪልኝ እኮ ውኃው ራሱ ደስ ብሎት ይወጣ ነበር!» ይላሉ አቶ ሳና ከታች። «እኔ ዝም ካልኩማ አንተ ዝም ማለትህን በምን አውቃለሁ?» ብለው ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። ይህ የባልና ሚስት ጨዋታ ይመስል ነበር፤ አቶ ደገፉ ግን ካደጉ በኋላ፣ ስለ መሬት ውስጥ ሥራ ካወቁት ሁሉ የመጀመሪያውና ዋናው ትምህርት ይህ እንደነበረ ደጋግመው ይናገሩ ነበር። ከውስጥ ያለ ሰው ከውጭ የሚጠይቀው ሰው ሊኖረው ይገባል፣ ይሉ ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሻንቶ ጨርሰው ሁለተኛ ደረጃን ለመማር ወደ ሶዶ ሲመጡ፣ ከሁለት የአገራቸው ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ከቤት በሚላክላቸው ቆጮ ሳምንቱን እየገፉ ተማሩ። ፊዚክስ ይወዱ ነበር፤ ሆኖም የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤታቸው ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ስላልሆነ፣ ለጥቂት ዓመታት ለሕንፃ ሥራ ድንጋይ ሲፈልጡና ሲያቀርቡ ቆይተው፣ በሃያዎቹ ዕድሜያቸው መጨረሻ ላይ ከዞናችን ውጭ በአንድ የኃይል ማመንጫ ሥራ የዋሻ ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። በኋላም ከሥራው ጎን ለጎን በቴክኒክ ኮሌጅ ሠልጥነው ዲፕሎማቸውን አግኝተዋል።

እዚህ ላይ የዋሻ ሥራ ምን እንደሆነ ትንሽ ማስረዳት የግድ ነው፤ አለበለዚያ ቀጥሎ የሚመጣው አይገባንም። ብዙዎቻችን ዋሻ ሲባል ጅብ የሚያድርበት ጉድጓድ ነው የሚታየን። መሐንዲስ የሚሠራው ዋሻ ግን ወንዝን በተራራ ሆድ ውስጥ አሳልፎ ወደ ማዶ የሚያደርስ መንገድ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ፊት ለፊት ያለው አለት በማሽን ብዙ ቦታ ይሰረሰራል፣ በየቀዳዳው ድማሚት ይጠቀጠቃል፣ ሰው ሁሉ ይወጣል፣ ይፈነዳል። ከዚያ ጢሱ በትልልቅ ማራገቢያ እስኪጠራ ይጠበቃል፤ ቀጥሎ ሰዎች ረጃጅም ብረት ይዘው ገብተው ጣሪያውን እየመቱ ያዳምጣሉ። ሙሉ ጀሪካንና ባዶ ጀሪካን ሲመታ ድምፁ እንደሚለያይ ሁሉ፣ የጸናና የላላ አለትም ድምፁ ይለያል፤ የላላውን ፈንቅለው ያወርዱታል። ፍርስራሹ በገልባጭ መኪና ይወጣል፤ ጣሪያው በረጃጅም የብረት ችንካር ይሰፋል፤ ሲሚንቶ ይረጭበታል፤ ከዚያ እንደገና መሰርሰር ነው። የዋሻ ጣሪያ ክብ ሆኖ የሚቆፈረውም ለጌጥ አይደለም፤ ተራራው የራሱን ክብደት በቅስቱ ዙሪያ ወደ ጎንና ወደ ጎን አድርጎ ራሱ እንዲሸከመው ነው። ዋሻ የሚቆመው ተራራው ራሱን መሸከም እስከቻለ ድረስ ነው ማለት ነው። ያ አቅም በሌለበት ቦታ፣ አለቱ በተሰባበረበትና ውኃ በገባበት ቦታ፣ ሰው ቆሞ መከራከር አይችልም።

በዚያ የመጀመሪያ ሥራ ላይ አቶ ደገፉ ይድነቃቸው የሚባል የልብ ጓደኛ ነበራቸው፤ ከአንድ ሳህን የሚበሉ፣ አንድ ክፍል የሚያድሩ ነበሩ። አንድ ቀን ድማሚቱ ተጠቅጥቆ ሳይረኑ ተነፋና ሰው ሁሉ ወጣ፤ ይድነቃቸው ግን በዋሻው ጎን በተቦረቦረች ትንሽ ክፍል ውስጥ የውኃ ፓምፕ ሲጠግን ነበርና የሞተሩ ጩኸት ሳይረኑን ዋጠበት። «ሁሉም ወጥቷል?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ አንዱ ሌላውን እያየ «አዎ፣ ወጥቷል» ተባለ። ፈነዳ። ይድነቃቸውን አለት አልነካውም፤ ጢሱ ነው የገደለው። አቶ ደገፉ አስከሬኑን ተሸክመው ሲወጡ ደጋግመው ያሉት አንድ ነገር ነበር፤ «አዎ ያለው ማነው? ማነው አዎ ያለው?» ይሉ ነበር። ማንም አልነበረም፤ ሁሉም ነበር።

የቆርቆሮው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሌላ አገር በሚሠሩ ዋሻዎች እንዲህ ያለ ልማድ እንዳለ ከአንድ የውጭ አገር ቀያሽ ሰምተው ነበርና፣ ለዕረፍት ሶዶ በመጡ ጊዜ ከአቶ አድነው የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ገብተው ቆርቆሮና ሽቦ ጠየቁ። ሱቁን ይዘው የነበሩት የአቶ አድነው ልጅ ወ/ሮ ሽታዬ ነበሩ፤ «ለጣሪያ ነው ለአጥር?» ብለው ጠየቋቸው። «ለሰው» አሉ አቶ ደገፉ። ከዚያም ነገሩን አስረዱ፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ስሙ ያለባት ክብ ቆርቆሮ ትሠራለች፤ ሲገባ በዋሻው አፍ ባለው ሰሌዳ ላይ ይሰቅላታል፤ ሲወጣ ያወርዳታል፤ ሰሌዳው ላይ አንዲት ቆርቆሮ እስካለች ድረስ ድማሚት አይፈነዳም፣ ሺፍቱም አይዘጋም። የሰው ቆርቆሮ ደግሞ በባለቤቱ እጅ እንጂ በሌላ ሰው እጅ አይነካም፤ አለበለዚያ እንደገና «አዎ፣ ወጥቷል» ይመጣል። ወ/ሮ ሽታዬ ይህን ሰምተው የቆርቆሮ መቀሱን አነሡና የመጀመሪያዋን ክብ ራሳቸው ቆረጡ፤ በሚስማር እየነቆሩም «ደገፉ» ብለው ጻፉባት። ፊደሉ ትንሽ የተጣመመ ነው። አቶ ደገፉ ሥራ በቀየሩ ቁጥር ሌሎቹን ቆርቆሮዎች በየቦታው እየተዉ ሲሄዱ፣ ይህችን የተጣመመች ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ይዘዋት ዞረዋል።

ጋብቻው ቀላል አልነበረም። የአቶ አድነው ቤተሰብ የኦርቶዶክስ፣ የአቶ ደገፉ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው፤ ከዚያም በላይ አቶ አድነው «እኔ ልጄን የምሰጠው ከመሬት በላይ ለሚውል ሰው ነው!» ብለው አሻፈረኝ ብለው ነበር። ከተላኩት ሽማግሌዎች አንዱ፣ «አቶ አድነው፣ መጨረሻችንስ ሁላችንም ከመሬት በታች አይደል እንዴ? ይህ ልጅ ቀድሞ ለመደው እንጂ ምን አጠፋ!» ቢሉ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ በዚያም ሳቅ ውስጥ እሺታው ተገኘ።

ወ/ሮ ሽታዬ ግን አንድ ነገር አስምለዋቸው ነበር፤ ከዋሻ በወጡ ቁጥር፣ ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ፣ ስልክ ደውለው «ወጣሁ» እንዲሉ። ሌላ ወሬ አያስፈልግም፤ «ወጣሁ» ብቻ። ጎረቤቶች እንደሚመሰክሩት ወ/ሮ ሽታዬ ያቺን ስልክ ሳይሰሙ እህል አይቀምሱም ነበር፤ ሦስቱም ልጆቻቸው፣ ናኦል፣ ሃይሚና ቤኒ፣ «አባባ ወጣ?» የሚለውን ጥያቄ «ደህና ዋላችሁ?» ከማለት በፊት ነው የለመዱት።

አቶ ደገፉ በብዙ የዋሻ ሥራ ላይ ሠርተው የሺፍት ፎርማን ከሆኑ በኋላ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከቤሌ ማዶ ወዳለው የውኃ ማስተላለፊያ ዋሻ መጡ። ለቤታቸው ስለቀረቡ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። በሺፍቱ መጨረሻ ከሰሌዳው አጠገብ ይቆሙና እያንዳንዱ ሰው ቆርቆሮውን ሲያወርድ «ሳሮ» ይሉታል፤ ይህም በወላይትኛ ሰላም፣ ደህና ማለት እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን። ከጎጃምም፣ ከትግራይም፣ ከባሕር ማዶም የመጡት ሠራተኞች ሌላ የወላይትኛ ቃል ባያውቁ ይህችን ያውቁ ነበር፤ «ሳሮ» ካላሉት ሰውዬው የወጣ አይመስለውም ነበር።

ከእሳቸው ጋር ከሚሠሩት መካከል ሰሎሞን የሚባለው የመሰርሰሪያ ማሽን ኦፕሬተር፣ የኪንዶ ኮይሻ ልጅ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ሥራ ወዳድና ተጫዋች ነው። «ጋሽ ደገፉ፣ እርስዎ እኮ ሰው አይቆጥሩም፣ ዶሮ ነው የሚቆጥሩት!» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። እሳቸውም፣ «ዶሮ ብትሆን ኖሮ በጊዜ ትገባ ነበር፤ አንተን ነው በጊዜ ማስወጣት ያቃተኝ» ይሉት ነበር።

በዚህ ግንቦት ወር ዋሻው በተሰባበረና ውኃ በበዛበት አለት ውስጥ ማለፍ ጀመረ። የአለቱን ጠባይ የምታጠናው ጂኦሎጂስት ሰብለ ይህን ቀድማ አስጠንቅቃ፣ የብረት ቅስቶች እስኪመጡ ሥራው በጥንቃቄ እንዲሆን፣ አለቱ መንጣጣት ከጀመረ ደግሞ ሰው ሁሉ ወዲያው እንዲወጣ አዝዛ ነበር። አደጋው በደረሰበት ቀን ከምሳ በኋላ ሰሎሞን የተሰነጠቀ የማሽን ቱቦ ለማስቀየር፣ ፍርስራሽ ጭኖ በሚወጣ ገልባጭ መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ወጣ። ከዋሻው አፍ እንደወጡና ስልኩ መስመር እንደያዘለት ተደወለለት፤ ያሳደጉት አጎቱ ማረፋቸው ተነገረው። በአገራችን መርዶ ከሰማ በኋላ «ሺፍቴን ልጨርስ» የሚል ሰው እንደሌለ፣ ቢኖርም ሰው እንደማይለው እናንተው ታውቃላችሁ። ሰሎሞን እንባውን እያፈሰሰ ሾፌሩን «ዋናው መንገድ ላይ ጣለኝ» አለው። ገልባጭ መኪና ሰሌዳው ጋ አይቆምም፤ ፍርስራሹን ወደሚደፋበት ገደል ነው ቀጥ ብሎ የሚሄደው። የሰሎሞን ቆርቆሮ ሰሌዳው ላይ ቀረች። መርዶ እንደደረሰበት ሰው ደንብም ከመኪናው እንደወረደ ስልኩን ዘጋ።

ከዚህ በኋላ ነው አለቱ እንደ ደረቅ እንጨት መንጣጣት የጀመረው። ሰብለ ሳይረኑን አስነፋች፤ ሰው ሁሉ እየሮጠ ወጣ፤ አቶ ደገፉ ሰሌዳው ጋ ቆመው «ሳሮ፣ ሳሮ፣ ሳሮ» እያሉ አስወጡ። በመጨረሻ አንዲት ቆርቆሮ ቀረች። «ሰሎሞንን ያየ አለ?» ቢሉ፣ አንዱ ማሽኑ ጋ አይቼዋለሁ አለ፤ ሌላው ቱቦ ሊያመጣ ወደ ኋላ ሄዷል አለ፤ ወጥቷል ያለ አልነበረም። ስልኩ ሲሞከር «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» አለ፤ ይህ ደግሞ የዋሻ ውስጥ ሰው ስልክ ሁልጊዜ የሚሰጠው መልስ ነው። የገልባጩን ሾፌር ብንጠይቀውስ ያለ ሰው አልነበረም፤ መኪናውም ገና ከገደሉ አልተመለሰም። ሰብለ ክንዳቸውን ይዛ፣ «ጋሽ ደገፉ፣ እባክዎ ይጠብቁ፣ አለቱ ይረጋ፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ!» ብላ ለመነቻቸው። እሳቸውም፣ «ልጄ፣ ልክ ነሽ፤ ግን ይህ ልጅ ማሽኑን ካስነሳ ሳይረን አይሰማም። አንድ ጊዜ እንዲህ ጠብቄ አውቃለሁ» አሏት። ከዚያም ከኪሳቸው ያቺን የተጣመመች ቆርቆሮ አውጥተው፣ በዚያ ጥድፊያ እንኳ ሳይዘነጉ፣ ከሰሎሞን ቆርቆሮ ጎን ሰቀሏትና ባትሪያቸውን ይዘው ገቡ።

ገልባጩ ወዲያው ነው የተመለሰው። ሾፌሩ ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ምን ሆናችሁ?» አለ። «ሰሎሞን ውስጥ ቀርቶ!» ቢሉት፣ «ሰሎሞን? ኧረ እኔው ራሴ ነኝ ያወጣሁት! አጎቱ ሞተው ለቅሶ ሄደ እኮ!» አለ። ያን ጊዜ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ዋሻው አፍ እየሮጠ «ጋሽ ደገፉ! ወጥቷል! ወጥቷል! ይመለሱ!» ብሎ ጮኸ። ባትሪያቸው ከሩቅ ሲዞር ያዩ አሉ፤ ሰምተው ሊመለሱ ዞረው እንደነበር ያምናሉ። ከዚያ ተራራው ወረደ።

ዜና ሕይወት የሞት ቀንን ይጠይቃል፤ እኛ ግን አለቱ የወደቀበትን ቀን እንጂ እሳቸው ያረፉበትን ቀን አናውቅም። ወደ ውስጥ አየር የሚያስገባ የብረት ቧንቧ ነበርና፣ የሥራ ጓደኞቻቸው በመዶሻ እየመቱ ጆሯቸውን ለጥፈው ያዳምጡ ነበር። በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ አንድ ድምፅ መለሰ። የእሳቸው ይሁን የሚረግፍ ድንጋይ ይሁን የሚያውቅ የለም፤ እንደገናም አልተሰማም። ለማንኛውም አየሩ በቧንቧው እንዲገባ ተደረገ፤ በሎደርም መዛቅ ተጀመረ፤ ነገር ግን አንድ አካፋ ሲነሳ ከላይ የባሰ ይወርድ ነበር፤ አሸዋ ከሥሩ ሲዛቅ ከላዩ እንደሚናድ ማለት ነው። ወ/ሮ ሽታዬ ከሶዶ ደርሰው ቧንቧው ጋ ሲወስዷቸው ተንበርክከው አፋቸውን አስጠግተው፣ «ደገፉ፣ ወጣሁ በለኝ» አሉ። ጆሯቸውን አዞሩ። ጠበቁ። «ወጣሁ በለኝ በቃ፣ ሌላ አልጠይቅህም» አሉ። በዙሪያው ቆመው የነበሩት፣ ስንት አለት የፈነቀሉ ወንዶች፣ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዞሩ።

ሌሊቱም ቀኑም እየተፈራረቀ በሕይወት የማግኘት ተስፋው ካለቀ በኋላ ጥያቄው ስለ አስከሬኑ ሆነ። ሰብለ ቤታችን ድረስ መጥታ፣ ሰው ከዚያ ጣሪያ ሥር ገብቶ ይቆፍር ብላ ልትፈርም እንደማትችል፣ ጣሪያው እንደገና እንደሚወርድ እያለቀሰች አስረዳች። ዋሻውን የሚሠራው ድርጅት ደግሞ ፈቃደኛ ሠራተኞች ስላሉ ቤተሰቡ ይወስን አለ። የአቶ ደገፉ ታናሽ ወንድም አቶ ትዕዛዝ፣ «ወንድሜን ከድንጋይ ውስጥ ጥዬ ምን ብዬ ድንኳን እተክላለሁ? እናቴን ምን እላታለሁ?» ብለው ተነሡ፤ ቤቱም ለሁለት ተከፈለ፤ ሁለቱም ወገን ግን የሚያለቅሰው ለአንድ ሰው ነበር።

ሰሎሞን የመጣው በዚህ መካከል፣ ትናንት ረፋድ ላይ ነው። ከአጎቱ ለቅሶ ሳይነሣ ነው ነገሩን የሰማው። ወደ ዋሻው ሄዶ ቆርቆሮውን በራሱ እጅ አውርዷል፤ ሁለት ጊዜ ወድቃበታለች አሉ። ከግቢው በር ላይ ሰዎች አስቆሙት። «አንተ ደግሞ ለየትኛው ለቅሶ ነው የመጣኸው?» አለው አንዱ። «ዛሬስ ቆርቆሮህን አውርደህ ነው ወይስ ሌላ ሰው ይፈልግህ?» አለው ሌላው። ወ/ሮ ሽታዬ ጫጫታውን ሰምተው ሲወጡ እግራቸው ላይ ወደቀ። «እትዬ፣ እኔ ልግባ። ፈቃደኞቹን አሰባስቤአለሁ፣ እኔ እቀድማለሁ። እሳቸውን ሳላወጣ ሰው ፊት መቆም አልችልም» አላቸው። አቶ ትዕዛዝም፣ «ይግባ! እሱ ይግባ እንጂ ማን ይግባ!» አሉ።

ወ/ሮ ሽታዬም፣ «ልጆችህ ደህና ናቸው?» ብለው ጠየቁት። ደህና መሆናቸውን ተናገረ። ቀጥለውም ያሉት ቃል እንዲህ ነበር፤ ከቃላቸው አንድም ሳይጎድል እንዲነበብ አዘዋል። «ሰሎሞን፣ ይቅር ብዬሃለሁ እንዳልልህ አፌ እንቢ ይለኛል፤ ገና አልደረስኩበትም፤ ልድረስበት አልድረስበት አላውቅም። ግን አትገባም። ደገፉ ውስጥ ለሌለ ሰው ገብቶ ቀረ። አሁን እሱም የለም። ለሌለ ሰው ሌላ ሰው አይገባም። ሚስትህ ‹ወጣሁ› የሚለውን ስልክ ስትጠብቅ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ አስከሬን አልጠብቅም።» ወደ አቶ ትዕዛዝ ዞረውም፣ «አንተም አትጥላኝ፤ ከፈለግህ ግን ጥላኝ» አሉ። ዋሻው በዚያ በኩል በኮንክሪት እንዲዘጋ፣ መንገዱም ሌላ አለት ይዞ እንዲዞር ተወስኗል።

ከሰዓት በኋላ የድርጅቱ ሰዎች ለቤተሰቡ መታሰቢያ ትሆናለች ብለው ያቺን የተጣመመች ቆርቆሮ ከሰሌዳው አውርደው፣ በፖስታ አድርገው ይዘው መጡ። ወ/ሮ ሽታዬ ፖስታውን ከፍተው የራሳቸውን የሚስማር ነቁጥ በጣታቸው ዳሰሱት። ሁላችንም ደረታቸው ላይ ያደርጓታል ብለን ስንጠብቅ፣ «ማነው ያወረዳት?» አሉ። «ደገፉ አልወጣም። ያልወጣ ሰው ቆርቆሮ አይወርድም፤ እሱ ራሱ ነው እንዲህ ያለው» አሉና ሰሎሞንን አስጠሩት። «ይህችን ከነበረችበት መልሰህ ስቀላት። ሰሌዳው ይኑር፤ ሌላው ሁሉ ቆርቆሮ ይውረድ ይሰቀል፤ ይህችን የሚነካ እጅ አይኑር» ብለው ሰጡት። ሰሎሞን በቤሌ አውቶቡስ ሄዶ ሰቅሏት ዛሬ ጠዋት ተመልሷል። አሁንም ከድንኳኑ በስተኋላ ቆሟል፤ ማንም እንዳያስወጣው፣ ማንም ደግሞ ና ተቀመጥ ብሎ እንዳያስገድደው የወ/ሮ ሽታዬ ቃል ነው።

አቶ ደገፉ ሳና ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሽታዬ አድነውን፣ ልጆቻቸውን ናኦልን፣ ሃይሚንና ቤኒን፣ ወንድማቸውን አቶ ትዕዛዝን፣ አማታቸውን አቶ አድነውን፣ ከየዋሻው «ሳሮ» ብለው ያስወጧቸውን፣ ቁጥራቸውን እግዚአብሔር የሚያውቃቸውን ሰዎች፣ እንዲሁም የዘጠና ዓመት ዕድሜ ባለጸጋ እናታቸውን ወ/ሮ ቦሼ ባልቻን ትተው ሄደዋል። ወ/ሮ ቦሼ መርዶው ሲነገራቸው አልጮኹም። «ገመዱን ማን ይዞት ነበር?» ብለው ጠየቁ። እስከ አሁን ሰው በገባ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ እናንተንም ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። መልስ ያለው ሰው ካለ ይንገራቸው፤ እኛ አጥተናል።

ከመካከላችን አንዱ ነፍስ ይማር ይላል፣ ሌላው እግዚአብሔር ያጽናችሁ ይላል፤ በዚህ ቤት ሁለቱም አሜን ይባልላቸዋል። እኛ የምንጸልየው ግን ይህን ነው። ጌታ ሆይ፣ ስንቱን ከዋሻው አፍ ቆመው የተቀበሉ እሳቸው፣ በመጨረሻ ከዚያ አፍ ላይ የሚቀበላቸው ሰው አጡ። እኛ የማናይበት፣ ድምፃችንም የማይደርስበት ቦታ ነው፤ አንተ ግን ትደርሳለህ። ባትሪያቸው ሳይጠፋ ድረስላቸው፤ እጃቸውንም ይዘህ «ሳሮ» በላቸው።